በጋሞ ደጋ የብዙ ቀን ጉዞ፤ ከበቅሎ እስከ ኤሌክትሪክ ቢስክሌት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአርባ ምንጭ ሜዳና በጋሞ ደጋ መካከል ብዙ ቀን የሚፈጅ ጉዞ የሚጓዝ ሰው በምን እንደ ተጓዘ፣ ጓዙን ማን እንደ ተሸከመለትና ሌሊቱን የት እንዳደረ በአጭሩ መመርመር ነው። ለዚህ ጥናት ምክንያት የሆነኝ ዛሬ በሌላው ዓለም እየተስፋፋ ያለው፣ በኤሌክትሪክ ቢስክሌት ድንኳንና ስንቅ ጭኖ ብዙ ቀን የመጓዝ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ወደ ተራሮቻችን ቢመጣ ከዚህ በፊት ያልታየ ነገር ይሆናል ብለው የሚያስቡ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን ነገሩን ስመረምረው፣ አዲሱ መሣሪያ በጠባዩ ከአውቶሞቢል ይልቅ ለበቅሎ የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ የምልበትን ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ስለ ሆኑ አንባቢው ይህን ልብ እንዲል እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንዲት መንገደኛ ላንሣ። ደርቭላ መርፊ የተባለችው የአየርላንድ ሴት በ1963 ከአገሯ ተነሥታ እስከ ህንድ ድረስ በቢስክሌት ተጓዘች፤ በዚህም ጉዞዋ ስሟ በዓለም ታወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ በመጣች ጊዜ ግን ቢስክሌቷን አላመጣችም። ጓዟን በበቅሎ ጭና፣ እርሷ በእግሯ እየሄደች፣ የስሜንን ተራራና ላሊበላን አልፋ አዲስ አበባ ገባች። የሄደችው መንገድ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍ በ1968 ታትሟል። ይህች ሴት ወደ ጋሞ አልደረሰችም። ነገር ግን የፋርስንና የአፍጋኒስታንን መንገድ በቢስክሌት የቻለች መንገደኛ የኢትዮጵያን ደጋ በበቅሎ መጓዝ መምረጧ ለጥናታችን ጥሩ መነሻ ነው። ቢስክሌት በዚህ አገር ምን አጣ? በቅሎስ ምን ነበረው?

መልሱን ለማግኘት የአገሩን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከከተማው ወጥቶ በሜዳው ወደ ሰሜን ጥቂት የተጓዘ ሰው ወደ ግራ ታጥፎ ዳገቱን ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ማረፊያ የሚሆን ሜዳ እምብዛም አያገኝም። ከታች የሙዝና የማንጎ እርሻ ነው፤ ከላይ እንሰት፣ ገብስ፣ ቀርከሃና የጨንቻ አፕል ነው። ከታች ወባ አለ፤ ከላይ ጉም አለ። ሰው በአንድ ቀን ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር ይሸጋገራል ማለት ነው።

የጋሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ደጋውን መርጦ የሰፈረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአርባ የማያንሱት ዴሬዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዱቡሻ፣ የራሳቸው ሃላቃዎችና የራሳቸው ወሰን ነበራቸው። ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ዲታ፣ ቦንኬ፣ ጋንታ፣ እንዲሁም ከዓባያ ሐይቅ በላይ በዐለት አፋፍ ላይ የተቀመጠው ኦቾሎ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከአንዱ ዴሬ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስበው የገበያውን ቀን ነው። ዛሬም ቢሆን የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይውላል። ገበያዎቹ በተለያየ ቀን መዋላቸው ነጋዴው ዛሬ እዚህ ውሎ፣ ማታ አድሮ፣ ነገ እዚያ እንዲደርስ ያስችለዋል። የጉዞው ርዝመት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በማደሪያ ነበረ። «ስንት ማደሪያ ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ «ምን ያህል ይርቃል?» ከማለት ይልቅ ለመንገደኛ ይጠቅመዋል።

ከጋሞ ተነሥተው ብዙ ቀን ከተጓዙት መካከል ዋነኞቹ ሸማኔዎቹ ናቸው። አገሩ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የሸማኔነት ሙያ ያላቸው ሰዎች ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፈሩ። ከዚህ የተነሣ የአዲስ አበባ ሰው ከየትኛውም የጋሞ ዴሬ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ «ዶርዜ» እያለ ይጠራ ጀመር። መንገዱ ከ450 ኪሎ ሜትር ስለማያንስ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብርቱ እግረኛ ከ15 ቀን በፊት ሊደርስ አይችልም። ስንቁ በሶና ቆሎ፣ ጓዙ በትከሻው የያዘው ብቻ ነበረ። የብዙ ቀን ጉዞን የውጭ አገር ሰዎች ያመጡልን መዝናኛ አድርጎ የሚቈጥር ሰው ይህን ጉዞ ባያነሣ ታሪኩን ከመካከል ጀመረ እላለሁ።

እዚህ ላይ ጓዙን ማን ተሸከመ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሹሙና ነጋዴው በቅሎና አጋሰስ ነበራቸው። በነፍጠኛና ገባር ሥርዓት ጊዜ ግን ገባሩ ከሚሰጠው እህልና ከሚሠራው ሥራ በተጨማሪ ጭነት የማጓጓዝ ግዴታ ነበረበት። ስለዚህ ለባለ ርስቱ ጉዞ ማለት በኮርቻ ላይ መቀመጥ ሲሆን፣ ለገባሩ ጉዞ ማለት የሌላ ሰው ጓዝ በጀርባው መሆን ነበረ። ስለ ቀድሞ ጉዞ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ስለ በቅሎዋ ጠባይ ገጽ በገጽ ሲያወሩ፣ ስለ ተሸካሚው አንድ መስመር ጽፈው ያልፋሉ። ይህ ትዝብቴ ነው፤ ወደ ፊት እመለስበታለሁ።

በቅሎ በደጋው የነገሠችበትን ምክንያት መዘርዘር አያስቸግርም። ዳገት ትወጣለች፤ ድንጋይ ላይ አትሰናከልም፤ የጠበበ መንገድ ይበቃታል። ሆኖም ማታ ማታ ሣርና ውሃ፣ ቢቻልም ገብስ ትፈልጋለች። ካልበላች በማግሥቱ አትሄድም። ስለዚህ በቅሎ ያለው መንገደኛ በፈለገበት ሊያድር አይችልም፤ መኖ ባለበት ማደር አለበት። መኖ ባለበት ደግሞ ባለቤት አለ። ባለቤቱን ሰላም ብሎ፣ አስፈቅዶ፣ ቢቻል ከቆጮው ቀምሶ ያድራል። የቀድሞው መንገደኛ ከአገሬው ጋር የተዋወቀው ትሑት ስለ ነበረ ብቻ አልነበረም፤ በቅሎው ስለ ራበው ጭምር ነው።

አውቶሞቢል ይህን ሁሉ ለወጠው። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና የኖረችው በበቅሎ ዘመን ነው። ለሹም ጤናማ አየር፣ ለወታደር ከፍ ያለ ቦታ፣ ለበቅሎ ሣር ነበራት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋናው ከተማ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ሜዳው ለመኪና መንገድና ለአውሮፕላን ማረፊያ ተስማሚ ነበረ፤ ከኮረብታው ሥር የሚፈልቁት ምንጮች ለከተማው ስም ሰጡት፤ ሰፊውም እርሻ ከታች ነበረ። ስለ ከተማው መዛወር ሲነገር የአስተዳደር ውሳኔ ብቻ ሆኖ ይቀርባል፤ እኔ ግን የመጓጓዣው ለውጥ ከውሳኔው በፊት ጉዳዩን ግማሽ ያህል ጨርሶት ነበር ብዬ አምናለሁ። በበቅሎ ዘመን ሜዳው የሚፈራ መተላለፊያ ነበረ፤ በመኪና ዘመን ደጋው የሚታለፍ ዳርቻ ሆነ። በ1974 የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም፣ በ1986 ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሲከፈት፣ ሁለቱም ከታች ነበሩ።

የዛሬው ጎብኚም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ጧት ከአርባ ምንጭ በመኪና ወጥቶ፣ በዶርዜ የቀርከሃውን ቤት አይቶ፣ ቆጮ በማርና በዳጣ ቀምሶ፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ ማታውን ሐይቁን ከሚያይ ሆቴል ያድራል። የዶርዜ ቤት ሲሠራ እጅግ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየጊዜው ዝቅ ይላል፤ ቤቱን ለማወቅ ግን ቢያንስ አንድ ሌሊት ውስጡ ማደር ያስፈልጋል። መኪናው ይህን ሌሊት ከደጋው ወሰደበት። የገንዘቡም አብዛኛው ክፍል ሌሊቱን ተከትሎ ወረደ።

አሁን ወደ ቢስክሌት ልምጣ። ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ ጎማዎች እኩል የሆኑበትንና በሰንሰለት የሚሽከረከረውን ቢስክሌት በ1885 በእንግሊዝ አገር አወጣ፤ በ1888 ደግሞ ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ ጨመረ። ከዚያ አስቀድሞ እንኳ ቶማስ ስቲቨንስ የፊት ጎማው ግዙፍ በሆነው በአሮጌው ዐይነት ቢስክሌት ከ1884 እስከ 1886 ዓለምን ዞሮ ነበር። ለእኛ ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ የሚሆነው በ1897፣ ዓድዋ በሆነ በዓመቱ፣ በአሜሪካ የተደረገው ሙከራ ነው። የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች በአንድ ነጭ መኰንን በጄምስ ሞስ እየተመሩ ከሞንታና እስከ ሴንት ሉዊስ ከተማ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል በቢስክሌት ተጓዙ፤ ጉዞው 40 ቀን ያህል ፈጀ። ድንኳናቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውን፣ ስንቃቸውንና ጠመንጃቸውን ጭነው ነበር። የሙከራው ጥያቄ ቢስክሌት ፈረስን ሊተካ ይችላል ወይ የሚል ነበረ። ቢስክሌት ገብስ አይበላም፤ ውሃ አይጠጣም፤ አይታመምም። ነገር ግን በጭቃና በዳገት ወታደሩ ወርዶ ይገፋው ነበር። ፈረስ ጌታውን ሲሸከም፣ ቢስክሌት በክፉ መንገድ በጌታው ይገፋል። ሠራዊቱም ሙከራውን በዚሁ ተወው።

በአገራችን ቢስክሌት በውድድርም በዕለት ኑሮም ቦታ አግኝቷል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 የሜልቦርን ጨዋታ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በቢስክሌት ተወዳድረዋል፤ የአበበ ቢቂላ ድል የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በዕለት ኑሮ ግን ቢስክሌት የሰፋው እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ የሐይቅ ዳር ከተሞች ነው። አርባ ምንጭ ራሷ ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ሲቀላ ከታች በሜዳው፣ ሴቻ ከላይ በኮረብታው። ሁለቱን የሚያገናኘው ዳገት ብቻውን የቢስክሌትን ችግር ለማስረዳት ይበቃል። ከእነርሱ በላይ ወዳለው ወደ ጨንቻ በፔዳል የሚወጣ ሰው ስፖርተኛ ነው እንጂ መንገደኛ አይደለም። መርፊ በበቅሎ መጓዟ የሚገባን ስለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ ቢስክሌት አሳብ አዲስ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ ሞተሩ በኋላ ጎማ መካከል ላለ ቢስክሌት የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው በ1895 ነው። የጐደለው ቀላል ባትሪ ነበረ። ሶኒ የሊቲየም ባትሪን በ1991 ለገበያ አቀረበ፤ ያማሃ በ1993 ሰውየው ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝ ሞተር ያለው ቢስክሌት በጃፓን ሸጠ። በኤውሮፓ ኅብረት ሕግ እንዲህ ያለው ሞተር ከ250 ዋት እንዳይበልጥና ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ማገዙን እንዲያቆም ተወስኗል። ስለዚህ ሞተር ብስክሌት አይደለም፤ እግሩን ያላንቀሳቀሰ ሰው አይሄድም።

ይህ መሣሪያ በጨንቻ ዳገት ምን ያደርጋል? በቍጥር እንመልከተው። ሰውየው 70፣ ቢስክሌቱ 27፣ ጓዙ 18 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 115 ኪሎ ነው። ይህን ክብደት 1,400 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 440 ዋት ሰዓት ያህል ኀይል ያስፈልጋል። በ37 ኪሎ ሜትር መንገድ የጎማው ፍትጊያ፣ ኮረኮንቹም ታስቦ፣ ወደ 140 ይጨምራል፤ ድምሩ 580 ይሆናል። ደኅና ሰው ሳይደክም 100 ዋት ያህል ሊሰጥ ይችላል። ብቻውን ቢሆን፣ ዕረፍት ሳይቈጠር፣ ስድስት ሰዓት ሊፈጅበት ነው። ሞተሩ 150 ዋት ቢያግዘው ግን በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ የሞተሩ ድርሻ 350 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ በሞተሩ የሚባክነው ሲታሰብ ከባትሪው 465 ያህል ይወጣል። በብዛት የሚገኘው ባትሪ ደግሞ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል።

ይህ ሒሳብ የጽሑፌ ዋና ነገር ነው። በሜዳ መንገድ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊያስኬድ የሚችለው ባትሪ በዚህ ዳገት 37 ኪሎ ሜትር አስኪዶ ጨንቻ ሲደርስ ያልቃል። ባትሪው ያለቀበት መንገደኛ 27 ኪሎ ብረት ይዞ ዶኮና ዲታ ሊደርስ አይችልም፤ ማደር አለበት። ባትሪውን ለመሙላት አራት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ መብራት ባለበት ቤት ማለት ነው። ያ ቤት ደግሞ ባለቤት አለው። መብራት ቢጠፋ፣ በደጋው መጥፋቱም እንግዳ ነገር አይደለምና፣ መንገደኛው እንደ ራበው በቅሎ ጌታ ሌላ ቀን ይቀመጣል። መኪና ከአገሩ ያስወገደውን ማደሪያ ባትሪው መልሶ አመጣው እንግዲህ። የቀድሞው ገበያተኛ ያደረበትን ያህል ርቀት ተጕዞ ማደር ግድ ይሆናል። ወደ ታች ሲወርድም ያወጣውን ኀይል አብዛኛዎቹ ቢስክሌቶች አይመልሱለትም፤ የሚያገኘው የጋለ ፍሬን ብቻ ነው፤ በቅሎም ቁልቁለት በመውረዷ አልጠገበችም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በአየር መንገድ ደንብ ከ160 ዋት ሰዓት የሚበልጥ የሊቲየም ባትሪ ያለው መንገደኛ በሕዝብ ማመላለሻ አውሮፕላን ይዞት ሊሳፈር አይፈቀድለትም። አርባ ምንጭን ለዋና ከተማነት ካበቋት ነገሮች አንዱ የሆነው አውሮፕላን ይህን ቢስክሌት ከነነፍሱ ሊያመጣው አይችልም። ባትሪው ከአዲስ አበባ በምድር፣ ሸማኔዎቹ በሄዱበት አቅጣጫ ተመልሶ መምጣት አለበት።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ረቂቁን አንብቦ «ይህ የሀብታም ጎብኚ ጨዋታ ነው፤ ለጋሞ ገበሬ ምኑ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬም ቢሆን በአርባ ምንጭ ዳርቻ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ይታያሉ። የጎብኚ ድንኳን በሞተር ኀይል ሲወጣ፣ በአጠገቡ የሴቲቱ እንጨት በጀርባ ከሄደ፣ ከገባሩ ዘመን ወዲህ ጓዝን ማን ይሸከማል ለሚለው ጥያቄ የሰጠነው መልስ አልተሻሻለም። ስለዚህ ይህ መሣሪያ የሚመዘነው በጎብኚው ደስታ ሳይሆን፣ የአገሩ ሰው ለጭነቱ ሊያገኘው በመቻሉ መሆን አለበት። መንግሥት በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ነው፤ 1,870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብም ከጋሞ ብዙ በማይርቀው በኦሞ ወንዝ ላይ ነው። ሸክላውን፣ ድንቹንና አፕሉን ከዲታና ከዶኮ ወደ ጨንቻ ገበያ የሚያመጣ ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ከጎብኚው ቢስክሌት ጋር በአንድ ሶኬት ሊሞላ ይችላል። ሶኬቱ ለጎብኚው ሲባል ገብቶ ለገበያተኛው ቢተርፍ የምቃወመው ነገር አይደለም።

የመንገዱ ደኅንነትም አለ። የውጭ አገር ብስክሌተኞች ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፉ ስለ ተራራው ውበትና ድንጋይ ስለሚወረውሩ ልጆች አንድ ላይ ያወሳሉ። ይህን ነገር የልጆች ብልግና ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም፤ ሰላም ሳይል፣ ሳያድር፣ ሳይገዛ በመስኮት አይቶ የሚያልፍ እንግዳ ለልጅ ሰው ሳይሆን ትርኢት ይሆንበታል። በጋሞ ወሰን የሚያልፍ ሰው ደግሞ የሽማግሌን ቃል ኀይል ሊያውቅ ይገባዋል፤ በመስከረም 2018 በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው። በየዴሬው ማደሪያ ይዘጋጅ ቢባል መጀመሪያ የሚጠየቁት እነርሱ መሆን አለባቸው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አስጎብኚ አይደለም።

እንግዲህ ማደሪያዎቹ ቢታሰቡ ተራቸው ይህን ይመስላል፤ የመጀመሪያው ሌሊት በዶርዜ፣ እሑድ ማታ ወይም ረቡዕ ማታ፣ በማግሥቱ ገበያው እንዲገኝ፤ ሁለተኛው በጨንቻ፤ ሦስተኛው በዶኮ ወይም በዲታ መብራት በሚገኝበት መንደር፤ ከዚያ መውረድ። ወራቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል። በክረምት አፈሩ ከዳገቱ ይንሸራተታል፤ በሐምሌ 2024 በጎረቤቱ በጎፋ ዞን የናደው መሬት ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏልና፣ በዚያ ወራት በቅሎም ሆነ ባትሪ ያለው ሰው ከቤቱ ባይወጣ ይመረጣል።